የሱቁ ስምና የባለ ሱቋ ስም

 

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ሌሊት ሥራ ጨርሳችሁ ጋደም ስትሉ የምታስቡት ነው። «ሀገሬ ስገባ ምን ሠርቼ ልኑር?» ትላላችሁ። አንዷ ጠጉር ቤት፣ አንዷ ምግብ ቤት፣ አንዷ የልብስ ሱቅ፣ ሌላዋ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ታስባለች። ሐሳቡ እየጠነከረ ሲሄድ ታዲያ «ስሙን ማን ልበለው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ይህን ጥያቄ የሚንቁት አሉ። «ስም ምን ያደርጋል? ዋናው ዕቃው ነው» ይላሉ። ስሙን ብቻ አሳምረው ሥራው በራሱ የሚሄድ የሚመስላቸውም አሉ። ሁለቱም ጎደሎ ነው። እናንተ ግን የስምን ነገር ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። አባትና እናት ያወጡላችሁ ስም ለአሠሪዎቻችሁ አልመች ብሎ ዓመታት ሙሉ በሌላ ስም ስትጠሩ የኖራችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። በገዛ ስም መጠራት ምን ያህል ክብር እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ነገ በራሳችሁ ላብ ለምትከፍቱት ቤት ስም ስታወጡ ልታስተውሉት የሚገባውን አንድ በአንድ እንመልከት።

ስም ዋጋ አለው

የሀገራችን ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ቡናውን በየሀገሩ ስም ሲጠራ ኖሯል። ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌ ይላል። በውጭው ዓለም ገበያ እነዚህ ስሞች የተጻፉበት ቡና በውድ ዋጋ ሲሸጥ፣ ለገበሬው የሚደርሰው ግን ከዚያ ጥቂቱ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2005 እነዚህ 3 ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡላት አመለከተች። የዚያው ሀገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋርም ክርክሩ በዓለም ጋዜጦች እስኪወጣ ድረስ ደረሰ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ኩባንያውና የኢትዮጵያ መንግሥት በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈራረሙ።

ልብ በሉ፤ ክርክሩ በቡናው ፍሬ ላይ አልነበረም። ፍሬውንማ ገዝተው ይወስዱት ነበር። የተከራከሩት በስሙ ላይ ነው። መንግሥታትና ታላላቅ ኩባንያዎች ስለ 3 ቃላት ይህን ያህል ከደከሙ፣ እናንተም በደጃችሁ ላይ ለምትሰቅሉት አንድ ቃል ጥቂት ቀን ብታስቡበት አይበዛበትም።

አስቀድሞ ማየት፣ ከዚያ መሰየም

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ላይ አዳም እንስሳትን ሁሉ ሲሰይም እናነባለን። እንስሳቱ አስቀድመው ወደ እርሱ መጡ፤ እርሱም አይቶ ሰየመ። ሳያይ የሰየመው አንድም የለም። እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃው አካባቢ ለተመሠረተችው ከተማ «አዲስ አበባ» የሚል ስም ሲያወጡ መነሻቸው በሥፍራው ያዩት አበባ እንደነበረ ይነገራል።

የንግድ ስም አወጣጥም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ምን እንደምትሸጡ፣ ለማን እንደምትሸጡ፣ በየትኛው ሠፈር እንደምትሠሩ ሳታውቁ ስም አታውጡ። ቤሩት ወይም ኩዌት ተቀምጦ በጣም የወደዱትን ስም ታፔላ አጽፎ መላክ፣ ልጁ ሳይወለድ ክርስትና እንደማንሣት ያለ ነገር ነው። አስቀድማችሁ ሠፈሩን እዩት፤ እናንተ መሄድ ካልቻላችሁ የምታምኑት ሰው ይይላችሁ። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ጠጉር ቤት አለ? ስማቸውስ ማን ማን ይባላል? አላፊ አግዳሚው ተማሪ ነው ወይስ የመንግሥት ሠራተኛ ወይስ ገበያተኛ? ይህን ስታውቁ ስሙ ራሱ ወደ እናንተ ይመጣል።

መልካም የንግድ ስም እንዴት ያለ ነው?

1ኛ/ ለአፍ የሚቀል ነው። የመረጣችሁትን ስም ለእናታችሁ በስልክ ንገሯቸው። «ምን አልሽኝ?» ብለው ሁለት ጊዜ ካስደገሟችሁ ስሙ ለገበያ አይሆንም። ከሳምንት በኋላ ደውላችሁ ጠይቋቸው፤ ሳይሳሳቱ ከነገሯችሁ መልካም ነው። የባጃጁ ሹፌር ሊጠራው የማይችል፣ ደንበኛ ለጎረቤቷ ልትነግረው የማትችል ስም ታፔላው ላይ ብቻ ይቀራል። የባዕድ ቃል ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአዲስ አበባ የተከፈተው የቶሞካ ቡና ስም ከ3 የጣልያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፤ ቃላቱን የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ቶሞካን ግን ሕፃን ሽማግሌው ይጠራዋል። አጭር ስለሆነና ለአፍ ስለቀለለ ነው።

2ኛ/ ሥራውን ወይም የሥራውን ጠባይ የሚናገር ነው። የባንኮቻችንን ስም ተመልከቱ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው አዋሽ በወንዝ፣ በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው ዳሽን በተራራ፣ በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው ንብ በታታሪዋ ንብ ተሰይመዋል። ወንዝ ሲባል የማይቋረጥ፣ ተራራ ሲባል የማይናወጥ፣ ንብ ሲባል ጥቂት በጥቂት የሚሰበስብ መሆኑን ሰሚው ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። እንጀራ ለመጋገር ያሰበች እኅት ደግሞ ቤቷን «የዕለት እንጀራ» ብትለው በየቀኑ በጸሎታችን የምንጠራው ቃል ነውና ማንም አይረሳውም። ነገር ግን ስሙ ቃል ኪዳንም ጭምር እንደሆነ አትርሳ። የትናንቱን አሙቃ የሸጠች ቀን ታፔላዋ ራሱ ይመሰክርባታል።

3ኛ/ ነገ የማይጠብ ነው። «የቦሌ ሹሩባ ቤት» ብላችሁ ከሰየማችሁ በኋላ ኪራይ ጨምሮባችሁ ወደ ሳሪስ ብትሄዱ፣ ወይም ከሹሩባ ሌላ ሥራ ብትጨምሩ ስሙ አይከተላችሁም። ልጅ ሲያድግ ልብሱ እንደሚያጥረው ሥራም ሲያድግ ስሙ ያጥረዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ገና ባለ አንድ በር ኪዮስክ ላይ «ኢንተርናሽናል» ብሎ መጻፍ አለ። የባቢሎንን ሰዎች አስታውሱ፤ ለራሳቸው ስም ለማስጠራት ብለው ግንብ ጀመሩ፤ የተረፋቸው ስም ግን ድብልቅልቅ የሚል ሆነ። በልክ የተቆረጠ ስም አያሳፍርም።

4ኛ/ የራስ የሆነ ነው። ጎረቤት ያለ ታዋቂ ቤት «ሰላም» ከተባለ «ሰላምታ» ብሎ ከአጠገቡ መክፈት ደንበኛ አያመጣም። ሰውየው መልካም ከሠራ ምስጋናው ለእርሱ፣ ክፉ ከሠራ ሐሜቱ ለእናንተ ይሆናል።

በስደት ሀገር ስም፣ በልጅ ስም፣ በቅዱሳን ስም

በየከተማችን «ዱባይ»፣ «ቤሩት» የሚል ስም የያዙ ልብስ ቤቶችና ጠጉር ቤቶች እናያለን። የስደታችሁ ሀገር የድካማችሁ ታሪክ ነውና ስሙን ብትወዱት አይፈረድም። ሆኖም ደንበኛዋ ስሙን አይታ ስትገባ ዕቃው ከዱባይ የመጣ መስሏት ነው። እውነት ከዚያ የምታስመጡ ከሆነ፣ ወይም በቤሩት የሊባኖስን ምግብ አሠራር ጠንቅቃችሁ ተምራችሁ ያንኑ የምትሠሩ ከሆነ ስሙ እውነት ነው፤ ይሁንላችሁ። ዕቃው ከመርካቶ ተገዝቶ ስሙ ዱባይ ከሆነ ግን ደንበኛዋ ባወቀች ቀን የቀረውንም ነገራችሁን ትጠራጠራለች።

ከእናቱ ርቆ ባደገ ልጅ ስም መሰየምም የተለመደ ነው። እናት ለልጇ ብላ ተሰድዳለችና ስሙን ደጃፏ ላይ ብትጽፈው ልብ ይነካል። ነገር ግን ልጆቹ 2 ወይም 3 ከሆኑ የአንዱን ስም ሰቅሎ የሌላውን መተው በቤት ውስጥ ቅያሜ ይተክላል። ሁሉንም የሚያቅፍ ስም መፈለግ ይሻላል።

በራስ ስም መሰየምም ያስከብራል። ሰው ወደ ቤቱ የሚመጣው እናንተን ብሎ ከሆነ ከእናንተ ስም የተሻለ ምን አለ? ይሁን እንጂ አንድ ቀን ቤቱን ለሌላ ብትሸጡ፣ እናንተ በሌላችሁበት በስማችሁ ምን እንደሚሠራ ከወዲሁ አስቡ፤ በሽያጩ ውል ላይም የስሙን ነገር አስጽፉ።

ስለ ቅዱሳን ስም ግን ረጋ ብለን እንናገር። ተስላችሁ፣ በስደት ጠብቀውኛል ብላችሁ፣ ቤታችሁን በእመቤታችን ወይም በመልአኩ ስም ለመጥራት የምትፈልጉ አላችሁ። ፍቅራችሁን እናከብራለን። በቅዱሳን ስም ተጠርተው በመልካም የሚያገለግሉ ትምህርት ቤቶችና የሕክምና ቤቶችም አሉ። ይሁን እንጂ ከመስቀላችሁ በፊት በዚያ ስም ሥር በየቀኑ ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። መጠጥ ይሸጥበታል? በጾም ቀን ሥጋ ይቀርብበታል? በዱቤ የወሰደ ሰው ሲዘገይ ጭቅጭቅ ይነሣበታል? ሰካራም በሩ ላይ ወድቆ ሲሳደብ አላፊው ሰው የሚያነበው ያንን ቅዱስ ስም ነው። በከንቱ እንዳይጠራ የታዘዘውን ስም ከጠብና ከስካር በላይ ሰቅሎ ማዋል አይገባም። ስእለታችሁን በቤተ ክርስቲያን ፈጽሙ፣ ዐሥራታችሁን አውጡ፣ ለቤቱ ግን የሥራ ስም ስጡት። ቅዱሳን ታፔላ አላጻፋችሁልንም ብለው አይቀየሙም።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት መዝገብ ይታይ

በሀገራችን የንግድ ስም እንዲሁ የሚያወጡት ነገር አይደለም፤ ይመዘገባል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ስለዚህ ይናገራል። ቀድሞ በሌላ ሰው ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም ሰውን የሚያሳስት መመሳሰል ያለው ስም አይመዘገብም። የመንግሥትንና የሃይማኖት ተቋማትን ስም የሚመስል፣ ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄዱ ወይም ሰው ስትልኩ አንድ ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። 3 ወይም 4 ስም በምርጫ ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ያዙ። ስሙ መመዝገቡ ሳይረጋገጥ ታፔላ ያጻፈ፣ ማኅተም ያስቀረጸ፣ ካርድ ያሳተመ ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ያወጣል።

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት የተለያዩ መሆናቸውንም እወቁ። የንግድ ስም ነጋዴዋ የምትነግድበት ስም ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ በዕቃው ላይ የሚለጠፈው፣ ዕቃውን ከሌላው ዕቃ የሚለየው ቃል ወይም ሥዕል ነው። በርበሬና ሽሮ አሽጋችሁ ለየሱቁ ለማከፋፈል ያሰባችሁ ከሆነ ምልክታችሁን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ብታስመዘግቡ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ጥበቃ ታገኛላችሁ። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ሊታደስም ይችላል።

ከታፔላው ይልቅ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም

እስካሁን የተናገርነው ከደጅ ስለሚሰቀለው ስም ነው። አሁን ግን ከዚያ የሚበልጠውን እንነጋገር። ይኸውም በንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ነው።

እኅት በዐረብ ሀገር 5 ወይም 6 ዓመት ትሠራለች። የምታገኘውን ለወንድሟ ወይም ለእጮኛዋ ትልካለች። እርሱም ሱቅ ይከፍታል፤ ታፔላውንም በእርሷ ስም አሳምሮ ያጽፋል፤ ፎቶ አንሥቶም ይልክላታል። እርሷም ስሟን ደጃፉ ላይ አይታ በደስታ ታነባለች። የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የኪራይ ውሉና የባንክ ሒሳቡ ግን በእርሱ ስም ነው። ተመልሳ ስትመጣ በስሟ የተጠራ፣ የእርሷ ግን ያልሆነ ቤት ይጠብቃታል። በሕግ ፊት የሚጠየቀው በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነውና ታፔላው ምስክር ሆኖ ብዙ አይረዳትም። ይህ ዓይነቱ ልቅሶ ያልተሰማበት ደብር ጥቂት ነው።

ይህን የምንለው ወንድሞቻችሁን እንድትጠረጥሩ አይደለም። ታማኞች ብዙ ናቸው። ታማኙም ሰው ቢሆን ያገባል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ በስሙ ከሆነ ወራሾቹና ባለ ዕዳዎች ይመጣሉ። ስለዚህ እርሱንም እናንተንም ከጠብ የሚያድነው ሥርዓት መያዝ ነው።

ሥርዓቱም ውክልና ነው። ባላችሁበት ሀገር ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለምታምኑት ሰው የውክልና ሥልጣን መስጠት ትችላላችሁ። ተወካዩ የሚሠራው በእናንተ ስም ነው፤ ፈቃዱን የሚያወጣው በእናንተ ስም፣ ውሉን የሚፈርመው ስለ እናንተ ነው፤ ባለቤቷ እናንተ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። የውክልና ወረቀቱ ላይ ምን ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ በልዩ ሁኔታ የተሰጠ ሥልጣን ያስፈልጋል። እንግዲያው «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ካያችሁ ሳታስቡበት አትፈርሙ። ሐሳባችሁን ብትለውጡም ውክልናውን መሻር ትችላላችሁ።

ሌላም የስም ጉዳይ አለ። ለጉዞ ሲባል በሌላ ስም ፓስፖርት ተወጥቶላችሁ የሄዳችሁ እኅቶች ትኖራላችሁ። በሀገር ቤት የልደትና የትምህርት ማስረጃው በአንድ ስም፣ ፓስፖርቱና ገንዘብ የተላከበት ደረሰኝ በሌላ ስም ይሆናል። የንግድ ፈቃድ ስታወጡ፣ የባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ ስሙ ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሰው መሆናቸውን ለማስመስከር ጊዜ ይፈጃልና የምትመለሱበት ቀን ሳይደርስ ከወዲሁ ጠይቁ፤ የቆዩ ማስረጃዎቻችሁንና የላካችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስባችሁ ያዙ። የራስን ስም ሳያስተካክሉ የሱቅ ስም መፈለግ መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ መምረጥ ነው።

ሰሙና ወርቁ

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የምንለው አለ። ሰሙ ከላይ የሚታየው ነው፤ ወርቁ ከሥር ያለው ምሥጢር ነው። ሰም ብቻ ያለው፣ ወርቅ የሌለው ቅኔ መምህሩ ፊት አይቆምም። የንግድም ነገር እንዲሁ ነው። ስሙ ሰም ነው፤ ሚዛኑ፣ ንጽሕናው፣ የቃሉ እውነት ወርቁ ነው። መልካም ስም የመጀመሪያውን ቀን ደንበኛ ያስገባላችኋል፤ ሁለተኛ የምትመጣው ግን በእጃችሁ ሥራ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል ሰምታችኋል፤ ከሱቅ በላይም ይውላል። ሱቁ ቢዘጋ እንኳ «እርሷ እኮ በሚዛን አታጭበረብርም ነበር» የሚለው ስም ሌላ ሱቅ ይከፍትላችኋል።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ዛሬ ማታ ደብተር ካላችሁ አውጡና የምታስቡትን ሥራ ጻፉ፤ ከሥሩ 4 ስም ጻፉ፤ ከሁሉ በታች ደግሞ የራሳችሁን ሙሉ ስም ከነአባታችሁና ከነአያታችሁ ጻፉ። ከላይ ያሉት 4ቱ ሊሰረዙና ሊለወጡ ይችላሉ። የታችኛው ግን እንዳይሰረዝ ጠብቁት።

ልዑል እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ፤ በሰላም ለሀገራችሁ፣ ለወገናችሁ፣ ለልጆቻችሁ ያብቃችሁ።

ይቆየን።